ከጀርባ የተቆጠሩ ስምንት ሽቦዎች

«አትሰማም እኮ፤ ብትሰማም አይገባትም» አለች የእህቱ ልጅ። ያለችው በስልክ ነው፤ የቆመችው ግን እናቷ አናት ላይ ነበር። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ሸጉጣ፣ በአንድ እጇ ለብ ያለ ውሃ በጆግ እያፈሰሰች፣ በሌላው የእናቷን ሽበት በሻምፑ እያሸች፣ ከእናቷ ጆሮ አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ሆና ስለ እናቷ እንደ ቤት ዕቃ ታወራለች። «አዎ፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ነው የሚመጡት። የመጦሪያው ክፍል ዛሬ ካልተያዘ ለሌላ ሰው እንሰጣለን ብለዋል። እሱማ እንቢ ይላል፤ ግን ምን ያድርግ? እሱም አርጅቷል» አለች ቀጥላ። እሱ የተባለው የእናቷ ወንድም ፎጣ ይዞ ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ስለ እርጅናው የተባለው ብዙም አልከነከነውም፤ መስታወት ቤት ውስጥ አለ። ደሙን ያፈላው የመጀመሪያው ነው። ፎጣውን በበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በሰፈሩ ጋሽ መስመር ነው የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ቴክኒሻን ነበር፤ በዚያ ዘመን እንዴት ነህ ያለውን ሁሉ «መስመር ላይ ነኝ» እያለ ስለሚመልስ ስሙ በዚያው ቀረ። ለምን እንዳላገባ ሲጠየቅም «በደወልኩ ቁጥር መስመሩ ተይዟል» ይል ነበር፤ ቀልዷ ሃያ ዓመት አገልግላ፣ ጠያቂው ሲጠፋ እሷም ጡረታ ወጣች። ጣቢያው ወደ አዲሱ ዓይነት ሲዞር፣ ጣራ የሚነኩት የብረት መደርደሪያዎች ተነቅለው በኪሎ ተሸጡ፤ እሱም የምስጋና ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ተሰጥቶት ተሰናበተ። ሰዓቱ በሁለተኛው ዓመት ቆመ። የእህቱ ባል ሲሞት «ለሁለት ሳምንት» ብሎ አንድ ሻንጣና አንድ የመሣሪያ ሣጥን ይዞ እህቱ ቤት ገባ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ። በአምስት ዓመት ስለምትበልጠው ከልጅነቱ ጀምሮ እቴቴ ነው የሚላት። እሷም አንደበት በነበራት ጊዜ «አንተ፣ ሁለት ሳምንትህ መቼ ነው የሚያልቀው?» እያለች ትስቅበት ነበር።

እቴቴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረች። ወደ መንገድ በሚያየው የፊት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ቡናማ ኮምፒዩተር ነበራት፤ ውፍረቱ የመዝገበ ቃላት ያህል፣ ኪቦርዱ ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የተሠራ፣ ሲበራ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ብልጭ ድርግም ከማድረግ በቀር ሌላ ምንም የማያውቅ። ፊደሉ የላቲን ነው፤ እሷ ግን በዚያው ፊደል የገዛ ቋንቋዋን እየደረደረች ሰርዛ ደልዛ ትጨርስና ንጹሑን በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፏ ገልብጣ ትሰጣለች። ዝውውር የተከለከለ መምህር፣ የውሃ ቆጣሪው የሰከረበት አባወራ፣ ስሟ በስህተት ከሟቾች መዝገብ የገባባት ሴት፣ ሁሉም ከፊቷ የምትቀመጠውን በርጩማ አሙቀዋታል። እሷ ጆሮዋን ሰጥታ ታዳምጥና ወሬ ያበዛውን «አሳጥረው ወንድሜ፤ የሚያነበው ሰው ገና ምሳውን አልበላም» ትለዋለች። ማንም ይምጣ ማን፣ ጉዳዩ ምንም ይሁን ምን፣ ከላይ «ለሚመለከተው ሁሉ»፣ ከታች «ከሰላምታ ጋር» ሳትል ወረቀት ከእጇ አይወጣም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጣች ስኒው ከእጇ ወደቀ። ስትሮኩ የቀኝ ጎኗንና ምላሷን ይዞባት ሄደ። ጭንቅላቷ በራሱ ጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ እሺ ማለቷና እንቢ ማለቷ አይለይም፤ ሐኪሙም «ሊገባት ይችላል፣ ላይገባትም ይችላል» ብሎ ከማንም ሳይጣላ ሸኛቸው። ዘመድ ሁሉ ሁለተኛውን አመነ። ጋሽ መስመር የመጀመሪያውን ያዘ። ከማለዳ እስከ ማታ ያወራታል፤ የምትመልስለት ስለሌለችም መልሱን ራሱ ይሰጣል። «ዛሬ ይበርዳል፣ አይደል እቴቴ? ይበርዳል እንጂ! መስኮቱን ልዝጋው? ዝጋው በቃ።» የእሷን ድርሻ ሲናገር ድምፁን ትንሽ ቀጠን ያደርጋል፤ ለራሱ ግን አይታወቀውም። ዛሬም ጠዋት ሻይዋን ይዞ መጥቶ «ስኳር ስንት? ሁለት ማንኪያ፣ እንደ ወትሮዬ» ብሎ ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ መልሶ፣ አማስሎ አጠጣት። ግማሹ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እሱም እንደ ልማዱ «ጠገብሽ» አላት።

ለመነጋገሪያ ያልሞከሩት ነገር የለም። እስክሪብቶ በግራ እጇ አስጨበጧት፤ ወረቀቱ እየሸሸ አስቸገራት። ልጅቷ ታብሌት አመጣች፤ የሚንቀጠቀጠው ጣት መስታወቱን በነካ ቁጥር ገጹ ወዲያ ወዲህ ይዘላል። ላፕቶፕ ተሞከረ፤ መልእክቱና ማስታወቂያው ሲግተለተልባት እቴቴ ክዳኑን በክርኗ ገፍታ ዘጋችው። «አየህ አይደል አጎቴ፣ አይገባትም» አለች ልጅቷ፣ ያን ቀንም። ከአራት ወር በፊት ግን ጋሽ መስመር የፊት ክፍሉን ሲያጸዳ ቡናማውን ኮምፒዩተር ታቅፎ በአልጋዋ አጠገብ አለፈ፤ የእህቱ ዓይን ዕቃውን ተከትሎ ሄደ። የግራ እጇ ጣቶችም ብርድ ልብሱ ላይ ቁልፍ እንደሚጫን ሰው ተንቀሳቀሱ።  ጋሽ መስመር ወዲያው ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው፤ ሰማያዊው ገጽ ወጣ፣ ትንሿ አራት ማዕዘን ብልጭ አለች፤ ኪቦርዱ ግን አልቆለት ነበር። ከቁልፎቹ ሃያ ሦስቱ ቢጫኗቸውም ቢደበድቧቸውም መልስ የላቸውም፤ የቀሩትም የጎረምሳ አውራ ጣት ይፈልጋሉ። መለዋወጫው መሠራት ካቆመ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

በቀላሉ የሚጫን አዲስ ኪቦርድ ሞልቷል፤ ዋጋውም ከአንድ ጥንድ ጥሩ ካልሲ ብዙ አይበልጥም። ጣጣው አዲሱ ኪቦርድና አሮጌው ኮምፒዩተር አለመግባባታቸው ነው። አዲሱ አንድ ቁልፍ ሲነካ በገመዱ ውስጥ ረጅም የቁጥር ወሬ ይልካል። አሮጌው ወሬ አይሰማም፤ የሚያውቀው ስምንት አግድም ሽቦና ስምንት ቋሚ ሽቦ ብቻ ነው፤ አንዱ አግድም ካንዱ ቋሚ ጋር ሲነካካ ያ መገናኛ አንድ ፊደል ይሆናል። ጋሽ መስመር ይህን ሲረዳ ብቻውን ሳቀ። ዕድሜውን የበላው ማዞሪያ ይኸው ነበር፤ እዚያም ደዋዩ በአግድም፣ የሚደወልለት በቋሚ ይመጡና መገናኛው ላይ «ሃሎ» ይባባላሉ። መሃል ገብታ የምታስተረጉም የክብሪት ሣጥን የምታህል ቦርድ ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መደብር አገኘ። ባለ ሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትውል ሴት ናት፤ የትኛው ቁልፍ የትኛውን መገናኛ እንደሚነካ ከኮምፒዩተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ በወረቀት ዘርዝሮ ሲያመጣላት ፕሮግራሙን ቦርዷ ላይ ጫነችለት። «ለጨዋታ ነው?» አለችው። «ለማመልከቻ» አላት። ሽቦውን የሚበይደው ግን ራሱ ነው፤ ፕሮግራም ባያውቅም የብየዳ ሊድ ማቅለጥ ያውቃል። እጁ እንደ ድሮው ስለማይታዘዝ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ትናንት እጨርሳለሁ ብሎ ነበር፤ አልሆነም።

ዛሬ ደግሞ ቀኑ ነው። ከሌላ ከተማ ትልቁ ወንድማቸው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ወንድም ጋሼ የሚለው የሕንፃ ተቋራጭ፣ ሊፈርም ይመጣል፤ እቴቴ የምትገባበትን የአረጋውያን መጦሪያ ወርሃዊ ክፍያ የሚችለው እሱ ነው። የመጦሪያው ኃላፊ ፎርሙን ይዛ ትመጣለች። የእህቱ ልጅ ክፉ ሆና አይደለም፤ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ አንድ ቀን እያለፈች ትመጣለች፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረው ሜካፕ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሲጨቃጨቁ «እማዬ ራሷ አልሄድም ብትለኝ፣ እምልልሃለሁ አጎቴ፣ አንድ ቃል አልናገርም» ብላዋለች። ጋሽ መስመር ያቺን ቃል እንደ ደረሰኝ አጥፎ ኪሱ ከትቷል። አሥር ሰዓት ላይ እቴቴ ራሷ ትናገራለች። የምትለውን ደግሞ ከወዲሁ ያውቀዋል፤ «የትም አልሄድም» ነው የምትለው፤ በዚያች ቀጠን ባለች ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይሰማዋል። ሌላ መልስ ይኖራል ብሎ አንድ ቀን እንኳ አላሰበም። እቴቴ ሆስፒታል በተኛችበት አሥራ ሁለት ቀን ያ ቤት ምን እንደሚመስል አይቶታል፤ በየጠዋቱ ሁለት ብርጭቆ እያወጣ አንዱን መልሶ ሲያስገባ፣ ሬዲዮ ከፍቶ ዜና አንባቢውን «እህ፣ ከዚያስ?» ሲለው ነበር። ያንን መድገም አይችልም። ይፈራዋል።

ስድስት ሰዓት ሲል የመጨረሻዋን ሽቦ በየዳት። ኃይሉን ለቀቀው፤ ሰማያዊው ገጽ ወጣ። እቴቴ ፀጉሯ ደርቆ፣ ሻሿ ታስሮላት፣ በተሽከርካሪ ወንበሯ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች። ልጅቷም እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጋሽ መስመር አዲሱን ኪቦርድ ጭኑ ላይ አድርጎ በአንድ ጣቱ «እቴቴ» ብሎ ጻፈ። ገጹ ላይ የወጣው ግን በየትኛውም ቋንቋ ቃል አይደለም። ደገመው፤ ያው ዝብርቅርቅ ደገመለት። አንዱን ሲጫን ሌላው ይወጣል፤ ቁጥር ሲል ፊደል፣ ፊደል ሲል ኮከብ። እቴቴ ገጹን አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ልጅቷ ቀረብ ብላ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። ተቆጥታ ብትሆን ይሻለው ነበር።

«አጎቴ፣ በቃ ተወው። ደክመሃል።»

«ትንሽ ነገር ናት። አንዲት ነገር ናት የተሳሳተችው።»

«እሺ። ወንድም ጋሼን ከመናኸሪያ ላምጣው። ምሳ ምድጃው ላይ አለ፤ ለእማዬ ሰጥቻታለሁ፤ አንተም ብላ።»

አልበላም። በሩ ሲዘጋ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከውጭ የአንድ ጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ይሰማል። ጋሽ መስመር ወረቀትና እርሳስ አምጥቶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫነ የተጫነውንና የወጣውን ጎን ለጎን ጻፈ። ለረጅም ጊዜ ምንም ውሃ የሚቋጥር ነገር አላገኘም። ሠላሳኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ ነው የገባው። የአንደኛው አግድም ሽቦ ፊደሎች በስምንተኛው፣ የሁለተኛው በሰባተኛው፣ የሦስተኛው በስድስተኛው ቦታ እየወጡ ነው። ቋሚዎቹ ሁሉ ልክ ናቸው። አግድሞቹን ከወዲያኛው ጫፍ ነው የቆጠራቸው።

እንዴት እንደተሳሳተ ወዲያው አወቀ፤ ባወቀም ጊዜ አፈረ። በማዞሪያ ጣቢያው ሽቦ የሚበየደው ከመደርደሪያው ጀርባ ስለሆነ እነሱ ሁሌም የሚቆጥሩት ከጀርባ ነበር። ከፊት የሚቆጥር ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ አለቃ፤ ሁለቱም ይሳቅባቸዋል። ለባለ ሱቋ የሰጣትን ዝርዝር ከመጽሐፉ ስለገለበጠው ከፊት የተቆጠረ ነው፤ ሊበይድ ጎንበስ ሲል ግን እጁ ሳያማክረው ሠላሳ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከጀርባ ጀመረ። ዕውቀቱ ነው ያሳሳተው። «አየሽ እቴቴ፣ ከጀርባ ቆጥሬው! አንተ ድሮም እንዲሁ ነህ!» አለና የእሷን ድርሻም ሲናገር ሳቅ አለ። እቴቴ አልሳቀችም፤ እያየችው ነበር።

ስምንቱን ሽቦ ነቅሎ ስምንቱንም አዙሮ መበየድ ነው። በወጣትነቱ ለሃያ ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነበር። አሁን መነጽር በመነጽር ላይ ደርቦ፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ መበየጃው ከቦርዷ ፒን ጋር እስኪገናኝ ድረስ ሦስት አራት ጊዜ ይስታል። ሁለተኛዋ ሽቦ ከጎረቤቷ ጋር ተጣበቀችበት፤ በመርፌ ለያያት። አምስተኛዋ ላይ ጣቱን አቃጠለው፤ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ እንደ ሕፃን ሲመጠው እህቱ ወደ እሱ ዘንበል ያለች መሰለው። ስምንተኛዋ ስታልቅ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ኮምፒዩተሩን አበራው። «እቴቴ» ብሎ ጻፈ። «እቴቴ» ብሎ ወጣ። አላመነም፤ ቁልፎቹን ሁሉ ከላይ ጀምሮ እየተጫነ ቆጠራቸው፤ አንድም የሳተ የለም። እንባው መጣ፤ በእጅጌው ጠረገው። ኪቦርዱን ያኔውኑ ጭኗ ላይ ሊያኖርላት ይችል ነበር። አላደረገውም። የመጀመሪያዋ ቃሏ ሁሉም ባሉበት እንድትወጣ ፈለገ፤ በተለይ ልጅቷ ባለችበት። ትንሽ ጉራ ነበረችበት፤ በሦስት ሳምንት የተቃጠለ ጣት ይህችስ ብትፈቀድለት ምን አለ?

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደወሉ ጮኸ። ወንድም ጋሼ ልጅቷን አስከትሎ ኮቱን ሳያወልቅ ገባ፤ ጋሽ መስመርን በትከሻው ሳመው፣ እህቱን ግንባሯን ሳማት፣ ከዚያ የት እንደሚቀመጥ እንዳላወቀ ሰው የክፍሉን ጣራ ይቃኝ ጀመር፤ የሚያውቀው እሱን ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ስለ መንገዱ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ ጣራው ጥግ ላይ ስለወጣው እርጥበት ተነጋገሩ።  የመጦሪያው ኃላፊ ግራጫ ሹራብ የለበሰች፣ ፋይል ያቀፈች ሴት ናት። እሷ ስትገባ አንድ ያልተለመደ ነገር አደረገች፤ ሰላምታውን ከእቴቴ ጀመረች። ወንበሩ ፊት ቁጢጥ ብላ «ደህና ዋሉ እመቤት?» አለቻትና ዝም ብላ ጠበቀች። መልስ እንደማይመጣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሴትዮዋ ግን መልስ እንደሚመጣ ሰው ሆና ረጅም ጊዜ ጠበቀች። ዝምታው ለጋሽ መስመር እንደ ጠባብ ጫማ ሆነበት። «ደህና ነኝ ትላለች» አለ በመጨረሻ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችውና ፈገግ አለች፤ እሱ ፈገግታዋን አልወደደውም።

ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት ተነሳ። ያሰበውን ንግግር ጀመረ፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጠፋበት። «ብቻ እሷን እንጠይቃት» አለ። ቴሌቪዥኑን ከፈተ፣ ሰማያዊው ገጽ ወጣ፣ አዲሱን ኪቦርድ እቴቴ ጭን ላይ አኖረና የግራ እጇን አንስቶ ቁልፎቹ ላይ አደረገላት። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «እቴቴ» አለ ጋሽ መስመር፣ «መጦሪያ ትሄጃለሽ ወይስ እዚህ እኛ ቤት ትቀመጫለሽ?» «ትቀመጫለሽ» የምትለዋን ሳያውቅ ጫን አደረጋት።

 ከዚያ አመልካች ጣቷ ተነሳች፤ እየተንቀጠቀጠች ዞረች፤ አንድ ቁልፍ ላይ ወረደች። ፊደሉ ወጣ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ልጅቷ አንድ እርምጃ ቀረበች። ወንድም ጋሼ ጣራውን ማየት ተወ። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የቁልፎቹ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ሌላው ሰው ሁለቴ ይተነፍሳል። ገጹ አናት ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ቃል ሞላ። ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ልቅሶ ሆነ። «እማዬ! ማመልከቻ እየጻፈች እኮ ነው!» ወንድም ጋሼም «አይ እቺ ሴትዮ» ብሎ መሐረብ ፈለገ። ጋሽ መስመር ደረቱ ተነፋ፤ ሁሉንም ተራ በተራ አያቸው፤ «አላልኳችሁም ነበር?» አላለም፣ ግን ፊቱ ብሎታል። እቴቴ ወደ ታች ወረደችና ሁለተኛውን መስመር ጀመረች። አሁን ማንም አልሳቀም። አልቆ ሲነበብ እንዲህ ይላል፤ «መሄድ እፈልጋለሁ።» ከሥሩም፣ ሌላ አምስት ደቂቃ ፈጅታ፣ «ከሰላምታ ጋር» አለች።

ጋሽ መስመር ክው አለ። አንብቦ ደግሞ አነበበው። የመጀመሪያው ሐሳቡ ሽቦ ተላቅቋል የሚል ነበር፤ እጁ ወደ ቦርዷ ሄደ፣ ግን ምን እንደሚነካ አላወቀም።

«አጎቴ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «ቅድም እኮ ፊደሉ ሁሉ ይዘባረቅ ነበር። ምናልባት አሁንም...»

«ልክ ነው የሚሠራው?» አለ ወንድም ጋሼ። «አንተ ነህ የምታውቀው።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። እውነትም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። «ገና አልተስተካከለም» ቢል ይበቃል፤ ቅድም ራሷ ልጅቷ አይታለች፣ ምስክር አለው። ኃላፊዋ ፋይሏን ትዘጋለች፣ ክፍሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ነገ ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ያወጣል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እህቱን አያት። ጭንቅላቷ እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኖቿ ግን አልተንቀጠቀጡም። ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ተንጠልጥላ ትጠብቃለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስትጠብቅ እንደኖረች ያኔ ገባው። ልጅቷ በስልክ ያለችውን ሰምቶ ደሙ ፈልቶ ነበር። እሱ ግን ከዚያ የባሰውን ሲሠራ ኖሯል፤ ያቺ ቢያንስ በእናቷ ድምፅ አላወራችም።

«ልክ ነው» አለ።  «ልክ ነው የሚሠራው። አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ።»

ልጅቷ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «እማዬ፣ ትሰሚኝ ነበር? የማወራውን ሁሉ ትሰሚ ነበር?» እቴቴ ብዙ አላሰበችም። «ከነስልኩ» ብላ ጻፈች። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ የእናቷ ግራ እጅ ከኪቦርዱ ተነስታ የልጇ ፀጉር ላይ አረፈች፤ ለመጻፍ ከፈጀባት ጊዜ ይልቅ እዚያ ቆየች። ኃላፊዋ ፎርሙን ለወንድም ጋሼ ሳይሆን ለእቴቴ አቀረበችና አንድ በአንድ አነበበችላት፤ በየአንቀጹም ቆም እያለች ጠበቀቻት። ሰኞ ጠዋት መኪና ይልካሉ። ኮምፒዩተሩ አብሯት ይሄዳል፤ መስኮት ዳር ያለ ክፍል ነው፣ ቴሌቪዥን አለው፣ የሚያወሩ ሰዎችም ሞልተዋል አለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ሄዱ። ወንድም ጋሼ ሲወጣ ትንሹን ወንድሙን በሁለት እጁ ይዞ የሆነ ነገር ሊለው ነበር፤ ያቺ እርጥበት ካልታየች ጣራውን ታበሰብሰዋለች ብሎት ወጣ። ጋሽ መስመር የፊት ክፍሉን መብራት አበራ። ኮምፒዩተሩን ነቅለው ሲሰኩት ማንም እንዳይሳሳት እያንዳንዷ መሰኪያ ላይ ወረቀት ለጥፎ ቁጥር ጻፈ፤ ከፊት እየቆጠረ። እጁ ሥራ ሲያጣ እህቱ አጠገብ ቆመ። «ለምን» ሊላት ፈለገና መልሱን ፈራው፤ ደግሞም ያውቀዋል። ወደ ማድ ቤት ሄዶ ውሃ ጣደ፣ ሁለት ብርጭቆ አወጣ፣ ሻይ ቀዳ፣ የስኳሩን ቆርቆሮ ብብቱ ሥር ይዞ ተመለሰ።

«ስኳር ስንት?» አላት።

«ሁለት ማንኪያ» የሚለው አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ጥርሱን ነከሰ። ቆመ። ትንሿ አራት ማዕዘን ብልጭ ድርግም ትላለች። መንገዱ ላይ የሚሄዱ ሰዎች ወሬ መጥቶ አለፈ፣ ሻዩ መብረድ ጀመረ፣ እሱ ግን አፉን አልከፈተም፤ እንደዚያ ቀን ዝም ብሎ አያውቅም። ጣቷ ተነሳች። «ምንም» ብላ ጻፈች፤ ቀጠለችና «ስኳር ጠላሁ። ቁጭ በል» አለች።

ጋሽ መስመር ሁለት ዓመቱን በጠዋትና በማታ አባዝቶ ማንኪያውን ሊቆጥር ሞከረና ተወው። ቆርቆሮውን ወለሉ ላይ አኖረ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አለቀሰ፤ ይህን ለመደበቅም ብዙ አልጣረም። ከዚያ የእሷን ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ ወደ አፏ አቀረበላት። እቴቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አላዞረችም፤ እስከ ታች ጠጣችው።